ኸድር ልጆቹን ይዞ የወጣበት በጋ

ኸድር የሚነዳው አይሱዙ ኅዳር ላይ መንገድ ላይ ተቃጠለ። ሽንኩርት ጭኖ ወደ ደሴ ሲሄድ አጣዬ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ተኩስ ተነሳና መኪናውን አቁሞ ቦይ ውስጥ ገብቶ ተኛ። ቀና ሲል ጋቢናው በእሳት ተይዟል። ከፊሉን በእግሩ፣ ከፊሉን በሰው ጋሪ ተመልሶ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ሰውነቱ ላይ አንድ ጭረት አልነበረም። ያየው ሁሉ "አልሐምዱሊላህ፣ ነፍስህ ተረፈች" አለው። እሱም አልሐምዱሊላህ አለና ቤቱ ገብቶ ተኛ።

ተኝቶ ግን አልበቃውም። ፈጅር ሰግዶ ይመለስና ይተኛል። ቁርስ ቀርቦለት ግማሹን ትቶ ይተኛል። አስር ሰዓት ላይ ሲነሳ ከመተኛቱ በፊት ከነበረው ይልቅ ይከብደዋል። ፊቱን ታጥቦ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ሲያልፍ ሰላምታ ይመልሳል፤ ከዚያ የተቀመጠበት ያደክመዋል።

ሚስቱ ናጅዋ መጀመሪያ ላይ ይረፍ ብላ ተወችው። ወሩ እያለቀ ሲሄድ የቤቱ እህልም አብሮ እያለቀ ሄደና አስፋልቱ ዳር ካለ መጋዘን የማሾ ለቀማ ገባች። ቀኑን ሙሉ ከሌሎች ሴቶች ጋር መሬት ላይ ተቀምጣ ከአረንጓዴው ማሾ መሀል ጠጠሩን፣ የተበሳውንና የጠቆረውን ስትለቅም ትውላለች። ማታ ስትመጣ ቅንድቧ ሳይቀር አቧራ ለብሷል። ልጆቹን፣ የስድስት ዓመቷን ኑርሃንንና የአራት ዓመቱን ሙዐዊያን፣ ጎረቤታቸው እትዬ ብዙነሽ ይይዙላት ነበር። የልጆቹ መዋዕለ ሕፃናት አገሩ ካልተረጋጋ አይከፈትም ተብሎ በሩ ከተዘጋ ቆይቷል።

ጥር እንደገባ እትዬ ብዙነሽ ልጃቸው ወለደችና ሊያርሷት ደብረ ሲና ወጡ።

"እንግዲህ አንተ አለህ" አለች ናጅዋ በማግስቱ ጠዋት ሻርፗን እየጠመጠመች።

"እኔ?"

"ሌላ ማን አለ? ምሳቸውን ሠርቼዋለሁ። ሙዐዊያ ሽንቱ ሲመጣ አይናገርም፤ ፊቱን አይተህ ነው የምታውቀው።"

ኸድር የልጁን ፊት አየ። ምንም የሚታወቅ ነገር አልነበረውም። ኑርሃን ከተወለደች ጀምሮ እሱ የመንገድ ሰው ነበር። ሌሊት ይገባል፣ ቀን ይተኛል፣ ማታ ይወጣል። ልጆቹ ያድጉ የነበረው እሱ ከአንዱ ጉዞ ወደ ሌላው ሲያልፍ ነው፤ በመጣ ቁጥር አንድ አዲስ ጥርስ ወይም አንድ አዲስ ቃል ይጠብቀዋል።

የመጀመሪያው ቀን ክፉ ሆነ። ምሳ አብልቷቸው ትንሽ ጋደም ብሎ ነበር። የሚያውቀው ነገር ቢኖር ሙሄ የሚባለው ገበሬ ሁለቱንም በየእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ መጥራቱ ነው።

"ኸድር፣ እነዚህ ያንተ አይደሉም እንዴ? የመስኖው ቦይ ዳር ተቀምጠው እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው አገኘኋቸው። ውኃው ዛሬ ሞልቷል።"

ኸድር ከአልጋው ወርዶ የሙዐዊያን ሱሪ ነካ። እስከ ጉልበቱ እርጥብ ነው።

"አንተ ተኝተህ ስለነበር ነው" አለች ኑርሃን፤ ልትከሰው ሳይሆን ልታስረዳው ብላ። "እንዳንቀሰቅስህ ብለን ነው የወጣነው።"

ማታ ናጅዋ ወሬውን ከሙሄ ሚስት ሰምታ ገባች። በር ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች፤ ከጫማዋ ውስጥ ሁለት ሦስት የማሾ ፍሬ ተንከባለለ። እግሯን አንድ በአንድ አሸች።

"የተኛ ሰው ልጅ አይጠብቅም" አለች በመጨረሻ። "ቤት ከዋላችሁ ደግሞ አንተ ትተኛለህ። ስለዚህ ቤት አትዋሉ። ይዘሃቸው ውጣ።"

"ወዴት?"

"ወደ ፈለጋችሁበት። በጋ ነው፤ መሬቱ ደረቅ ነው፤ ማሽላው ታጭዶ አልቋል። ዞር ዞር በሉ። እኔ እዚያ ተቀምጬ ውኃ ገቡ አልገቡ እያልኩ ማሾ መልቀም አልችልም። እጄ ይሳሳትብኛል።"

በማግስቱ ወጡ። ማለዳው ከጣርማ በር በኩል በሚወርድ ነፋስ ቀዝቅዞ ነበር። የቆላ ልጆች ብርድ አያውቁምና ሁለቱም አፍንጫቸው ውኃ እያለ ትከሻቸውን ሰብስበው ከኋላው ተከተሉት። ኸድር ከሸዋ ሮቢት እስከ ደሴ ያለውን መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ ያውቀዋል። ከቤቱ እስከ ሮቢ ወንዝ ያለውን የማሽላ ማሳ ግን በእግሩ ካቋረጠው ዓመታት አልፈዋል። በአሥር ደቂቃ ወንዙ ዳር ደርሰው ሊቀመጡ አስቦ ነበር። ሙዐዊያ ግን ይቆማል። ጉንዳን ሲያይ ይቆማል፤ የደረቀ ኩበት ሲያይ ይቆማል፤ ቆሞ ይጎነበሳል፣ ተጎንብሶ ይቀመጣል። ኸድር ይመለስና ያነሳዋል። ልጁ አምስት እርምጃ ሄዶ እንደገና ይቀመጣል። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ገና ከሰፈራቸው መጨረሻ ቤት አልራቁም ነበር።

"አባ፣ ይህን ማን ቀባው?" አለች ኑርሃን። በእጇ የጅግራ ላባ ይዛለች፤ ጥቁር ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት።

"አላህ ነዋ።"

"በምን?"

"እኔ እንጃ።"

ትንሽ እንደሄዱ አንድ ትልቅ ግራር ሥር በነፋሱ የወደቀ የወፍ ጎጆ አገኙ፤ በሣር የተጠለፈ፣ አፉ ወደ ታች የሆነ። ኑርሃን እጇን እስከ አንጓዋ አስገብታ አየችው።

"ወፏ ቤቷ ሲወድቅ እዚህ ውስጥ ነበረች?"

"እኔ እንጃ።"

"ሌላ ትሠራለች?"

"እኔ እንጃ ኑርሃን።"

"አንተ ምንም አታውቅም።"

"አላውቅም። ደክሞኛል።"

ልጅቱ አሰበችበት። "ሳታውቅ ነው የደከመህ?"

ኸድር ግራሩ ሥር ተቀመጠና ጀርባውን ለግንዱ ሰጠ። ልጆቹም ተቀመጡ፤ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ የሚያውቁ አይደሉም። ሙዐዊያ ከተከመረው የማሽላ አገዳ አንዱን ጎትቶ አምጥቶ ጭኑ ላይ ጣለለት። ለምን እንዳመጣው አልተናገረም። ኸድር አገዳውን በእጁ አገላበጠው። ከዚያ ሴንጢውን ከኪሱ አወጣና ልጣጩን መላጥ ጀመረ።

ከዘጠኝ ዓመቱ በኋላ አገዳ ልጦ አያውቅም። ጣቶቹ ግን አልረሱም። ልጣጩን ቀጭን ቀጭን አድርጎ ሰነጠቀ፤ ውስጡን ነጩን ቆራረጠ፤ አንዱን ከሌላው በልጣጩ ስንጥር ሰካካው። ሆድ ወጣለት፣ አራት እግር ወጣለት። ከግራሩ ሁለት እሾህ ቆርጦ ቀንድ አደረገለት። መሬት ላይ ሲያቆመው ትንሽ ተንገዳግዶ ቆመ።

"በሬ" አለ ሙዐዊያ።

"በሬ ነው።"

"ሌላ።"

ሌላ ሠራ። ከዚያ ለሁለቱም የአገዳ መነጽር ሠራላቸው። በዚያ ቀን ወንዙ ጋ አልደረሱም። ወደ ቤት ሲመለሱ ልጆቹ መነጽራቸውን አድርገው እየተደናቀፉ ነበር፤ ኸድር ሁለቱን በሬዎች፣ ላባውን፣ ጎጆውንና ሙዐዊያ አልጥልም ያለውን ኩበት ይዞ ከኋላ ይሄድ ነበር። ማታ ከኢሻ ሰላት በፊት አንቀላፋ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ወጡ። እሱ ወዶ አይደለም። ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ ኑርሃንን የሽንኩርት ኬሻ ቁራጭ በትከሻዋ አንግታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ያገኛታል፤ ኬሻውን ከጓሮ አግኝታ ነው ማንገቻ ያበጀችለት። ቁጭ ብላ መጠበቋ አይቀሰቅሰውም ነበር፤ እየጠበቀች መተንፈሷ ነው የሚቀሰቅሰው።

አንዳንድ ቀን ወንዙ ድረስ ዘለቁ። ውኃው በበጋ ተሸሽጎ በድንጋዮቹ መሀል ቀጭን ሆኖ ይሄዳል፤ ዳሩ ላይ ግን እንደ ቅቤ የለሰለሰ ጭቃ አለ። ኑርሃን የቀንድ አውጣ ቅርፊት ለቅማ ጭቃ ላይ እየደረደረች በግ ናቸው አለች። እረኛ ሥራልኝ ብላ ኸድርን አዘዘችው። ሠራላት። የእረኛው ጭንቅላት ትልቅ ሆነበትና "ይህ ሐጂን ይመስላል" ብላ ሳቀች። ሐጂ ያለቻቸው የተቃጠለው አይሱዙ ባለቤት ሐጂ አብዱረዛቅ ናቸው። ኸድርም አየውና እውነትም ይመስላል፤ አፉን በእጁ ሸፈነ።

ቁርቁራ ደርሶ ስለነበር እሱን እየለቀሙ ይበላሉ፤ ፍሬውን ምጥጥ አድርገው አጥንቱን ያስቀምጣሉ። የሁመር ፍሬ ቅርፊት፣ የጃርት እሾህ፣ ውኃ ያለሰለሰው ጠጠር፣ ሁሉም ቤት ይገባል። መስኮቱ ላይ ቦታ ሲያልቅ አልጋ ሥር ተደረደረ።

"ይህን ሁሉ ኮተት ማን ነው የሚጠርገው?" ትላለች ናጅዋ ከሥራ ስትገባ።

"አትጥረጊው" ትላታለች ኑርሃን። "ሥራ ነው።"

ናጅዋ ወገቧን ይዛ ቆማ ታየውና መጥረጊያውን መልሳ ታስቀምጣለች። ለመጨቃጨቅ የሚሆን አቅም ከመጋዘኑ ይዛ አትወጣም።

በዚያው ሰሞን ሐጂ አብዱረዛቅ ደወሉ። ሌላ መኪና ይዘዋል፤ መንገዱም ለጊዜው ተከፍቷል ይላሉ።

"ካንተ በላይ የማምነው ሾፌር የለኝም ኸድር። መቼ ትነሳለህ?"

"ልጆቹን የሚይዝልን አጥተን ነው ሐጂ። እትዬ ብዙነሽ ደብረ ሲና ናቸው። እሳቸው ሲመለሱ፣ ኢንሻአላህ።"

"ልጆች ደግሞ የሴት ጉዳይ አይደለም እንዴ?" አሉና ሳቁ። "እሺ፣ ቶሎ በል። መኪና ቆሞ አያበላም።"

ስልኩን ዘግቶ ትራሱ ሥር ከተተው። ለናጅዋ አልነገራትም።

ነገሩ የሆነው ከዚያ በኋላ በአንድ ሐሙስ ነው። ግራሩ ሥር ተቀምጠው አዲስ በሬ እየሠሩ ነበር። ይህኛው ከሌሎቹ ትልቅ ነው፤ ኑርሃን ዓይንና አፍንጫ ካልወጣለት አልወስደውም አለች። ኸድር የደረቀ የግራር ዘለላ ሰብሮ ፍሬዎቹን አወጣ፤ ቡናማ፣ ክብ፣ የሚያብረቀርቁ። ሁለቱን ለዓይን ሰካ። ሦስተኛውን ሙዐዊያ መዳፍ ላይ አስቀመጠለት።

"ያዝልኝ። ይህ አፍንጫ ነው።"

ልጁ ይዞ ተቀመጠ። ኸድር የአፍንጫውን ማስገቢያ በሴንጢው ጫፍ እየበሳ ሳለ ጭስ ሸተተው። ቀና አለ። ከማሳው ማዶ አንድ ገበሬ መሬቱን ለሽንኩርት ሊያዘጋጅ አረሙንና የአገዳውን ቁርጥራጭ ሰብስቦ ለኩሶታል። ነበልባሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ጭሱ ግን ነፋሱ እየገፋው ጥቁር ሆኖ በመሬት ላይ እየተሳበ ወደ እነሱ ይመጣል።

ኸድር የሚያየው ማሳ መሆኑን ያውቃል። ገበሬውንም ያውቀዋል። ግን ጆሮው ተደፈነ፤ የሚሸተው የአገዳ ጭስ የጎማ ጭስ ሆነበት። ቦዩ ውስጥ በደረቱ ተኝቶ፣ በጣቱ አፈር ጨብጦ፣ ጋቢናው ውስጥ የሰቀለው ጃኬት ሲቃጠል እንደሚያይ ሆኖ ተቀመጠ። ምን ያህል እንደቆየ አያውቅም። ኑርሃን እጅጌውን እየጎተተች ነበር።

"አባ። አባ። ሙዐዊያ አፍንጫውን ከተተው።"

"ምን?"

"አፍንጫውን። አፍንጫው ውስጥ ከተተው።"

ሙዐዊያ አላለቀሰም። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አባቱን ያያል፤ የግራ አፍንጫው ትንሽ አብጧል። "አፍንጫ ነው አልክ" አለ።

ኸድር ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ተመለከተ። ፍሬው ከውስጥ ያብረቀርቃል። በትንሽ ጣቱ ሊያወጣው ሞከረ፤ ፍሬው ተንሸራቶ ወደ ውስጥ ሄደ። ያን ጊዜ ልጁ ጮኸ። ኸድርም እጁን አነሳ።

"አትንካው" አለች ኑርሃን። "ወደ ሐኪም።"

በሬውን እዚያው ጥሎ፣ ልጁን ታቅፎ፣ ኑርሃንን ከጎኑ እያስሮጠ ማሳውን አቋረጠ። መንገዱ ላይ ሰዲቅ የሚባል ጎረቤቱ ባጃጅ ይዞ ሲያልፍ አገኙት። ሰዲቅ ምን ሆኖ ነው እንኳ ሳይል አቅጣጫውን አዞረ። ባጃጇ ስትነሳ ኸድር ዓይኑን ጨፈነ፤ ጤና ጣቢያው በር ላይ እስክትቆም አልገለጠም።

ጤና ጣቢያው ሰው ሞልቶታል። ወባ የያዛቸው፣ የሚያስሉ፣ ክትባት የሚጠብቁ እናቶች። ኸድር ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሙዐዊያ ማልቀሱን ትቶ በአፉ ይተነፍሳል። ከአጠገባቸው የነበረች አሮጊት ስትሰማ "በርበሬ አስሸትተው፣ ያስነጥሰዋል" አለችው። ሌላዋ "ኧረ አይሆንም፣ ሲያስነጥስ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይስበዋል" አለች። በነገሩ ሲከራከሩ የእሱ ተራ ደረሰ።

የተረኛዋ ነርስ ሲስተር ትዕግሥት ትባላለች። ከሩቅ ሲያዩአት ልጅ ትመስላለች፤ ቀረብ ሲሉ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። በትንሽ ባትሪ የልጁን አፍንጫ አየች።

"ምንድን ነው ያስገባው?"

"የግራር ፍሬ ነው ሲስተር።"

"ጥሩ። የሰዓት ባትሪ ቢሆን ነበር ክፉው።" መቆንጠጫ አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። "ይህን ብሞክር ፍሬው ክብና ለስላሳ ነው፣ ይሸሻል። አባቱ እርስዎ ነዎት?"

"አዎ።"

"እንግዲያው እርስዎ ነው የሚያወጡለት። ይስሙኝ። ደህናውን አፍንጫ በጣትዎ ይዘጉታል። አፍዎን አፉ ላይ ገጥመው እፍ ይሉበታል፣ በአንድ ጊዜ፣ ጠንከር አድርገው። ትንፋሹ በዚያኛው በኩል ሲወጣ ፍሬውን ይዞት ይወጣል።"

"እርስዎ ቢያደርጉት አይሻልም?"

"እኔን ይፈራኛል፤ አፉን አይከፍትልኝም። እርስዎን አይፈራም።"

ኸድር ልጁን አየው። ልጁም አየው። ኑርሃን አልጋው ላይ እጇን ደግፋ ከሥር ታያቸዋለች።

"ሙዐዊያ፣ አፍህን ክፈት። ልስምህ ነው።"

ልጁ ከፈተ። ኸድር በልቡ ቢስሚላህ ብሎ አፉን ገጠመና ነፋ። ትንፋሹ አነሰ፤ ደረቱ ላይ አንድ ቦታ ደርሶ ቆመ። ምንም አልወጣም።

"ጠንከር" አለች ሲስተር ትዕግሥት። "መጀመሪያ እርስዎ በደንብ ይተንፍሱ። ጊዜ አለን።"

ተነፈሰ። እንደገና ተነፈሰ። ሦስተኛው ላይ አየሩ እስከ ሆዱ የወረደለት መሰለው። ጎንበስ አለና ነፋ። ጉንጩ ላይ ሞቅ ያለ ነገር ፈነጠቀበት።

"ጢምህ ላይ ነው" አለች ኑርሃን።

ሲስተሯ ፍሬውን ከነንፍጡ በጥጥ አነሳችው፤ አፍንጫውን ደግማ በባትሪ አየችና "ጨርሰናል" አለች። ሙዐዊያ እጁን ዘረጋ።

"ስጪኝ። የበሬው ነው።"

"አይሰጥህም" አለችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። "በሬው ያለ አፍንጫ ይኑር።"

ከጤና ጣቢያው ወጥተው በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱ። ሙዐዊያ አባቱ ትከሻ ላይ ተኛ። ልጁ ከባድ ነበር፤ ኸድር ግን አንድ ቦታ እንኳ አላወረደውም።

ናጅዋ ስትገባ ኑርሃን በር ላይ ጠብቃ ሁሉንም ነገረቻት፤ አንዲት ነገር አላስቀረችም። ናጅዋ መጀመሪያ የተኛውን ልጅ ሄዳ በእጇ ዳሰሰችው፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች። ልጅቱ ጢሙ ላይ የሚለው ጋ ስትደርስ ናጅዋ ሳቅ መጣባት። ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ በአቧራው መሀል መንገድ እያወጣ ወረደ። ሳቋ ሲያልቅ ዞራ ኸድርን አየችው።

"ፍሬውን ሲከተው አንተ የት ነበርክ?"

"አጠገቡ ነበርኩ።"

"አጠገቡ ሆነህ?"

ኸድር ልጅቷን ውኃ ቅጂልኝ ብሎ ወደ ጓሮ ላካት። ከዚያ ነገራት። ስለ ጭሱ ነገራት፤ ስለ ቦዩ፣ ስለ ጃኬቱ፤ ከኅዳር ጀምሮ ያላወራውን ሁሉ። ሲጨርስ፣

"ሐጂ ሌላ መኪና ገዝተው ደውለውልኝ ነበር" አለ። "ልጆቹን ምክንያት አደረግኩ። ምክንያቱ ልጆቹ አይደሉም። መሪ መያዝ አልችልም ናጅዋ።"

"አውቃለሁ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ባጃጅ ስትሳፈር ዓይንህን ትጨፍናለህ። ባለፈው ጁምዓ አየሁህ።" እግሯን ዘረጋች። "ልትነግረኝ ስትችል ትነግረኛለህ ብዬ ነው።"

ከጓሮ ኑርሃን ባልዲውን ስትጎትት ይሰማል።

"እኔም ደክሞኛል" አለች ናጅዋ። "ወገቤ የኔ አይመስለኝም። ዓይኔን ስጨፍን ማሾ ነው የማየው።"

"አውቃለሁ" አለ እሱም በተራው።

እራቱን እሱ ሠራ። ሹሮው ከሥር ያዘበት፤ ናጅዋ ግን በላችው፤ ልጆቹም በሉ።

ጠዋት ለሐጂ አብዱረዛቅ ደውሎ እውነቱን ነገራቸው።

"ሰዉ ሁሉ ምን ሆነ?" አሉ ሐጂ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። "ሌላው ሾፌሬ አብዱልመሊክም እንዳንተ አለኝ። አላህ ያሽርህ። መኪናውን ግን ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው።"

"ይስጡት ሐጂ።"

ስልኩን ዘግቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። የሥራው ነገር በዚያ አለቀ፤ የቀለለው ነገር ቢኖርም የከበደውም ብዙ ነበር። ናጅዋ ከመጋዘኑ እንደማትወጣ፣ ሹሮም በየቀኑ እንደሚሆን ሁለቱም ያውቁታል። እትዬ ብዙነሽ ደግሞ የልጃቸው ጤና አልጸናላቸውምና እስከ ፋሲካ እንደማይመለሱ መልእክት ላኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ናጅዋ ከሥራ ስትመለስ አንድ ነገር ልትለው ፈልጋ ስታመነታ ያዛት።

"ምንድን ነው?"

"ራቢዓን ታውቃት የለ፣ አጠገቤ የምትለቅመውን? ልጇን አሊዪን በጀርባዋ አዝላ ነው የምትውለው። ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከብዷታል። አንተ ልጆቹን ይዘህ ትወጣለህ ብዬ አውርቼላት ነበር።"

"ናጅዋ።"

"አልኳት እንጂ እሺ አላልኳትም።"

ኸድር ሁለቱን ልጆች ማሰብ ብቻ ያደክመው ነበር። ሦስት ሲሆኑ አሰበ። አቧራ የለበሰውን የሚስቱን ቅንድብ አየና "ጠዋት ታምጣው" አለ።

አሊዪ ዝምተኛ ልጅ ነበር። እናቱ ጀርባ ላይ ለምዶ መራመድ አይወድም። በመጀመሪያው ቀን ከሰፈሩ ሳይወጡ መንገድ መሀል ቁጭ አለና አልነሳም አለ። ኑርሃን ለመነችው፤ ሙዐዊያ እጁን ጎተተው። ከፊታቸው ፀሐይዋ ማሳው ላይ እየሞቀች ነው፤ ከኋላቸው ባጃጅ ጥሩምባ እያሰማ ነው።

ኸድር አነሳውና ከመንገዱ ዳር አስቀመጠው፤ ከዚያ ራሱም አጠገቡ ተቀመጠ።

"አባ፣ አንሄድም?" አለች ኑርሃን።

"እሱ ሲነሳ እንሄዳለን።"

"ካልተነሳስ?"

"እዚሁ እንውላለን። እዚህስ ምን ጠፋ? እስቲ ሥራችሁን ፈልጉ።"

ኑርሃን ዙሪያዋን አየች። ከአጥሩ ሥር የደረቀ የጉሎ ቅጠል፣ የጠርሙስ ክዳንና የዶሮ ላባ ነበር። ሙዐዊያ ቀድሟት ተጎንብሷል። አሊዪ አንገቱን ሳብ አድርጎ ምን እንዳገኙ ሊያይ ይሞክራል፤ ግን አልተነሳም። ኸድር ጭንቅላቱን አጥሩ ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ከሦስቱም ሳይነቅል ጠበቀ።